አንድ ቃል፣ ሦስት ንጉሥ

እህቴ የምትኖረው ሲያትል ነው። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮሮና ዓለሙን ሁሉ ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ አንድ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የአካባቢው ጤና ቢሮ ለነዋሪው በየቋንቋው ካሰራጨው ማሳሰቢያ መካከል በአማርኛ የተጻፈው ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ ካመማችሁ ከቤት አትውጡ ይላል። እሷ የላከችልኝ «ቋንቋችን እዚህ ድረስ መጥቷል» ልትለኝ ፈልጋ ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ ግጥም ስበትን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ዓይኔ የሄደው ወደ ምክሩ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ ዓርማ ነው። በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሣለ የአንድ ሰው ፊት፤ አጠገቡ «ኪንግ ካውንቲ» የሚል ጽሑፍ። ፊቱ የማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

ደውዬ ስጠይቃት ሳቀች። ለካ በቤታቸው የቆየ ወሬ ኖሯል። አማቷ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው በዚያው የቀሩ እናት ናቸው፤ ያንን ፊት በየአውቶቡሱ ላይ ሲያዩት ከርመው አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? አውቶቡሱ ሁሉ የሱ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «ኪንግ ነው እማዬ» አለቻቸው። ኪንግ ንጉሥ ማለት እንደሆነ እሳቸውም አያጡትም። «ውይ! እኔኮ አሜሪካ ንጉሥ የላትም ሲሉ ነበር የምሰማው» አሉ።

ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅህ አለኝ። ምክንያቱም የእኚህ እናት ጥያቄ፣ የካውንቲው ሰዎች ራሳቸው ሃያ አንድ ዓመት የፈጀባቸው ጥያቄ ነው። ይሄ «ኪንግ» የተባለው ማነው?

ካውንቲ ማለት አሜሪካኖች ከስቴት በታች ያቆሙት አስተዳደር ነው፤ በድሮው አጠራር አውራጃ ብንለው ብዙ አንስትም። ፍርድ ቤት አለው፣ እስር ቤት አለው፣ ግብር ይሰበስባል፣ እዚያ አገር አውቶቡስም ያሠማራል። ኪንግ ካውንቲ ሲያትልን በጉያው የያዘ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት ትልቅ ካውንቲ ነው። የእኛም ሰው በብዛት ይኖርበታል።

ስሙ የወጣለት ታኅሣሥ 22 ቀን 1852 ነው። ያኔ አገሩ ገና ስቴት አልሆነም፤ የኦሪገን ግዛት አካል ነበር። ሰፋሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ የመጡትም ባለፈው ዓመት ነው። ከአንድ ወር በፊት በተደረገው ምርጫ ፍራንክሊን ፒርስ ፕሬዚዳንት፣ ዊልያም ሩፈስ ኪንግ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። የግዛቲቱ ምክር ቤት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካውንቲዎች ሲያቋቁም አንዱን ፒርስ፣ አንዱን ኪንግ አለው። መቼም የሩቅ አገር ሰው ለአዲስ ተሿሚ እጅ መንሻ ማቅረቡ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይምሰላችሁ። ማርና ሙክት ያጣ ስም ይሰጣል።

ተሿሚው ማን ነበር? የአላባማ ሴናተር፣ የሰፊ ጥጥ እርሻ ጌታ፣ የባሪያ አሳዳሪ። ሲመረጥ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ነበርና አየሩ ይሻለዋል ተብሎ ኩባ ሄደ። ቃለ መሐላውንም በልዩ ሕግ ተፈቅዶለት እዚያው ኩባ ውስጥ፣ መጋቢት 24 ቀን 1853 ፈጸመ። ከዚያ ወደ እርሻው ተመለሰና ሚያዝያ 18 ቀን አረፈ። ቃለ መሐላውን ከፈጸመ በኋላ የኖረው አንድ ወር እንኳ አይሞላም፤ ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ሥራም አንዲት አልሠራም። በስሙ የተሰየመውን አገር ዓይኑ አላየውም። ስሙ ግን እዚያ ደን ውስጥ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር እኔን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው እጅግ ይገርመኛል። ትውልድ ሲያልፍ ሴናተሩን ማንም ረሳው። ቃሉ ብቻ ቀረ። ቃል ባለቤቱን ሲያጣ ደግሞ ወደ መዝገበ ቃላቱ ይመለሳል፤ ኪንግ ማለት ንጉሥ ነው። ስለዚህ ካውንቲው ለዓርማው ምን መረጠ? ዘውድ! ንጉሥ አንፈልግም ብለው ተዋግተው አገር ያቆሙ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ጽሕፈት ቤታቸውን በዘውድ ምስል አስጌጡት። በዚህ ዘውድ የሚያዝ ንጉሥ አልነበረም፤ ዘውዱ የማንም አልነበረም። ተማሪዎቼ ግጥም ሲተረጉሙ የሚሠሩትን ስሕተት ነው የሠሩት፤ ቃሉን አንብበው ነገሩን ሳያነቡ።

ማኅተምና ዓርማ አንድ አይደሉም የሚል የሕግ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለባለጉዳይ ግን ያው ናቸው። ወረቀቱን ወረቀት የሚያሰኘው፣ «ይሄ ከመንግሥት ነው» ብለን ልባችን ድንግጥ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው።

በየካቲት 1986 ሁለት የካውንቲው ምክር ቤት አባላት፣ ጥቁሩ ሮን ሲምስና ሪፐብሊካኑ ብሩስ ሌይንግ፣ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። የካውንቲው ስም ይለወጥ አላሉም። ኪንግ ይሁን፤ ግን ከእንግዲህ ኪንግ ማለት ዊልያም ሳይሆን ማርቲን ይሁን ነው ያሉት። የውሳኔው ጽሑፍም የመጀመሪያው ሰውዬ ባሪያ አሳዳሪ እንደነበረ አልደበቀም። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አለፈ። አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ አንድ ካርታ ሳይታረም፣ የአንድ ትልቅ አገር ስም ተለወጠ።

ያገሬ ሰው ይህንን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሰምና ወርቅ ነዋ! አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ፣ ላይ ላዩን አንዱን ሲናገር ውስጡን ሌላው ይወጣል። እኛ በየቅኔ ቤቱ ዓመታት የምንደክምበትን ነገር አምስት የአሜሪካ አውራጃ ሹማምንት እጃቸውን አውጥተው ፈጸሙት።

ቅኔው ግን ወዲያው አልተሰማም። የካውንቲ ስም የሚወሰነው በስቴቱ ሕግ ስለሆነ የ1986ቱ ውሳኔ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና አጠያያቂ ሆኖ ኖረ። ጉዳዩ የተቋጨው ሚያዝያ 19 ቀን 2005 የዋሽንግተን ስቴት ገዥ ክሪስቲን ግሪግዋር ሕጉን ስትፈርም ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ ማርቲን እየተባለ፣ ዓርማው ያው ዘውድ ነበር። በ2006 የምክር ቤቱ አባል ላሪ ጎሴት ባቀረበው ሐሳብ ዘውዱ ወርዶ የማርቲን ፊት እንዲተካ ተወሰነ፤ በመጋቢት 2007 አዲሱ ዓርማ ይፋ ሆነ። የመጀመሪያው ኪንግ ባለ እርሻው፣ ሁለተኛው ማንም ያልነበረው ባለ ዘውዱ፣ ሦስተኛው ሰባኪው። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ዓርማውን እወደዋለሁ። እንደ ሥዕልም ጥሩ ነው፤ ምንም ማስጌጫ የለው፣ ጥላና ብርሃን ብቻ፤ ከሩቅም ከቅርብም ይነበባል። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነገሩን ነው። የመንግሥት ወረቀት ላይ የሰው ፊት ሲታተም ብዙውን ጊዜ ሥልጣን የያዘ ሰው ፊት ነው፤ ይህን እኛ እናውቀዋለን፣ በየቢሮው ግድግዳ አይተነዋል። ማርቲን ግን በዕድሜው አንድም ቀን የመንግሥት ሹመት ይዞ አያውቅም። ይልቅስ መንግሥት ደጋግሞ አስሮታል፤ በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፈው ደብዳቤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል። ኪንግ ካውንቲ ደግሞ ቅድም እንዳልኩት እስር ቤት ያስተዳድራል። ስለዚህ ያሳሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚወጣው በታሳሪው ፊት ነው ማለት ነው። ዓርማው እንዲለወጥ ሐሳቡን ያመጣው ጎሴት ራሱ በ1968፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ፍራንክሊን በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደረገ የመቀመጥ አድማ ተይዞ በዚሁ ካውንቲ እስር ቤት ታስሮ ነበር። ይህን ሰውዬ ዓርማ ምን እንደሚያደርግ አስተምሩት ማለት አይቻልም።

ዘውድ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ዘውድ አይናገርም። የማርቲን ፊት ያለበት ደብዳቤ ግን፣ ቤት ኪራይ አቅቶት ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው ሲደርሰው (ካውንቲውና ሲያትል በ2015 ቤት አልባነትን የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይ ነው ብለው አውጀው ነበር) ያ ሰው ወረቀቱን ይዞ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ይል ነበር እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመንግሥት ቢሮ በገዛ እጁ ከሳሹን ወረቀቱ ላይ አተመ። በእኔ እምነት የዓርማው ትልቅነት ይሄ ነው፤ ማስዋቢያ ሳይሆን ዕዳ መሆኑ።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። ሰሙ የታለ?

ወርቅ አንጥረኛ ሲሠራ በመጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በቦታው ወርቅ ይገባል። ሰሙ ይጠፋል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ሙያ ነው። የቅኔ ሰው ግን ከአንጥረኛው በአንድ ነገር ይለያል፤ ሰሙን አያፈሰውም። ሰሙም ወርቁም እዚያው ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ጣዕሙም ሁለቱ ሲፋተጉ የሚወጣው ነው። ወርቁ ብቻ ከቀረ ቅኔ አይደለም፣ ስብከት ነው። ካውንቲው የሠራው እንደ ቅኔ ሰው ሳይሆን እንደ አንጥረኛ ነው። የ1986ቱን ውሳኔ አንብቦ የሚያውቅ ያውቃል። ዓርማውን ብቻ የሚያይ የዛሬ ልጅ ግን፣ አገሩ ከመጀመሪያውም ለማርቲን የተሰየመ ይመስለዋል። ፊደሉ ስላልተለወጠ ጠባሳው አይታይም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በባሪያ አሳዳሪ ስም መጠራት እንዳልነበረ ሆነ።

የፈሰሰው ሰም ተራ ሰም ቢሆን ባልቆጨኝ። ግን ስሙት።

ዊልያም ኪንግ ወጣት ሳለ፣ በአላባማ ወንዝ ዳር አንድ ከተማ ከቆረቆሩት ሰዎች አንዱ ነበር። ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ስሙን ያገኘው ከግጥም ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ማክፈርሰን «የጥንቱ ባለቅኔ ኦሲያን የደረሳቸው ናቸው» ብሎ ካሳተማቸውና በኋላ ግን አብዛኛው የገዛ ራሱ ፈጠራ ነው ከተባሉት ግጥሞች። (ሐሰተኛ ግጥም እውነተኛ ከተማ ሲወልድ አያችሁ? ይሄን በማስተምርበት ዘመን ባውቀው ኖሮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እፈጅበት ነበር።) የከተማዋ ስም ሰልማ ነው።

አዎ፣ ያቺው ሰልማ። መጋቢት 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው የወጡ ጥቁሮች ከድልድዩ ማዶ በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጭስ የተቀጠቀጡባት። ማርቲን ከዚያ በኋላ ሰልፈኛውን መርቶ ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ በእግሩ የገባባት። የዚያኑ ዓመት በነሐሴ የምርጫ መብት ሕግ የተፈረመው በዚህ የተነሳ ነው። ዊልያም ኪንግም የተቀበረው እዚያው ሰልማ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ ኪንግ ከተማይቱን መሠረታት፣ ስም ሰጣት፣ አፈሯ ውስጥ ተኛ፤ ሌላው ኪንግ ከመቶ ዓመት በኋላ መጥቶ በዚያ አፈር ላይ ተራመደ። ሁለቱ በአንድ ቃል የተገናኙት ሲያትል ላይ ነው፤ በአካል ግን ቀድመው ተገናኝተዋል። ይህን ያህል የተዘጋጀ ሰምና ወርቅ የትኛው ባለቅኔ አግኝቶ ያውቃል? ዓርማው ግን ከዚህ ውስጥ የነገረን የለም።

ዊልያም አገሩን አላየውም ብያለሁ። ማርቲንስ? አንድ ጊዜ ብቻ ሄዷል፤ በኅዳር 1961፣ በኮሌጅ ጓደኛው በፓስተር ሳሙኤል ማኪኒ ግብዣ። ንግግር ሊያደርግበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለመስጠት ተስማምቶ ሳለ ሐሳቡን ለወጠና ሌላ አዳራሽ መፈለግ ግድ ሆነ። ያቺ አዳራሽ የነፈገች ከተማ ዛሬ ፊቱን በአውቶቡስ ታዞራለች። ይሄም ሰም ነበር፤ ይሄም ፈሷል። ስሙስ ቢሆን? ሲወለድ ማይክል ነበር የተባለው። አባቱ በ1934 ጀርመን ሄዶ ከተመለሰ በኋላ የራሱንም የልጁንም ስም ማርቲን ሉተር አለው። ስምን እንደገና ማፍሰስ ለዚህ ቤተሰብ አዲስ አልነበረም።

እኛስ? ወደ ሰው ቤት ገብቼ ያን ያህል ካወራሁ የራሴን ቤት ባልፈው ያስነውረኛል።

እኛ ዘንድ ማኅተም የሚለወጠው በሌላ መንገድ ነው። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አዲሶቹ ገዢዎች መጀመሪያ የነኩት የባንዲራውን አንበሳ ነው። ዘውዱን ከራሱ አወረዱ፤ የያዘውን በትር ጫፍ መስቀሉን አንስተው የጦር ጫፍ አደረጉት። ለጥቂት ጊዜ ዘውድ የሌለው፣ ጦር የያዘ አንበሳ ታየ። ከዚያ አንበሳውም ራሱ ሄደ። በዚያው ዓመት የንጉሡን ስም ይዞ የኖረው ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከደርግ በኋላም ሌላ ዓርማ መጣ፤ በ1988 ዓ.ም. ባለ ኮከቡ። ኪንግ ካውንቲ ፊደሉን ትቶ ትርጉሙን ለወጠ፤ እኛ ፊደሉንም፣ ሥዕሉንም፣ ቀለሙንም እንፍቃለን። ፍቀን ስናበቃ ግን ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ያው ነው። ማኅተሙን የሚመታው ሰውዬ ባለጉዳይን የሚያይበት ዓይን አይለወጥም።

አባቴ ሲሞት ሣጥኑን ከፈትን። ከሦስት መንግሥት የተሰጡ ወረቀቶች በአንድ ላስቲክ ታስረው አገኘን፤ አንበሳው ያለበት፣ የደርጉ፣ ባለ ኮከቡ። በውርሱ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩና ዋናውን ወረቀት፣ ባለ አንበሳውን፣ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳች፣ ገለበጠች፣ መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማኅተም እኮ አሁን የለም።»

«ሰጪው መንግሥት ነው የሌለው፤ ቤቱ አለ» አልኳት።

«ቢሆንም ማኅተም አስመትተው ይምጡ።»

ማን እንዲመታልኝ? ጃንሆይ? አላልኳትም፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ጉዳዩ ስምንት ወር ፈጀ። በስምንት ወሩ ውስጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ፍቆ መለወጥም ሰሙን ማፍሰስ መሆኑን ነው። የአንጥረኛው እሳት እኛ ዘንድ የሰው ቤትም ያቃጥላል። በዚህ በኩል ኪንግ ካውንቲን እቀናበታለሁ። በ1985 የተጻፈ የቤት ካርታ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ያኔ ኪንግ ማለት ሌላ ሰው ነበር ብለው አይመልሱትም።

እኔ ብጠየቅ ምን አደርግ ነበር? ፊቱን አልነካም። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ግን፣ ወይም አውቶቡሱ ውስጥ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ፣ ሁለት መስመር አጽፍ ነበር፤ ይህ ስም መጀመሪያ የማን እንደነበረ፣ ያ ሰው ሰልማ የምትባል ከተማ እንደመሠረተ፣ ሁለተኛው ኪንግ በዚያች ከተማ ምን እንዳደረገ። ተሳፋሪው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ያነበዋል። በአማርኛም ቢጻፍ አንጠላም፤ የእጅ መታጠቡ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ተረኩላት። እሷም ለአማቷ ከእንጀራ ጋገራ መልስ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው፤ ንጉሥ እንዳልሆነ፣ ፓስተር እንደነበረ፣ እንደታሰረ፣ እንደተገደለ፣ ስሙንም ከባሪያ አሳዳሪ እንደተረከበ። በጥሞና ሰሙና «አይ የሰው ነገር፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነጠላቸውን እያጣፉ «ልጄ፣ የንጉሡ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቋት።